ሰርዶ በማንኪያ

በዛሬው ዕለት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በሰርዶ ላይ ጦርነት ታወጀ።

አዋጁን ተማሪው በተሰለፈበት በድምፅ ማጉያ ያነበቡት ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ወልደኢየሱስ ናቸው። ጠላት ከትምህርት ቤቱ በር እስከ ባንዲራው መስቀያ የተተከሉትን ጽጌረዳዎች ከቧል። ነገ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። ስለዚህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድም ሰርዶ በሕይወት እንዳይገኝ። የቀኙ መደብ ለዘጠነኛ «ሀ»፣ የግራው ለዘጠነኛ «ለ» ተሰጠ። መሣሪያው ዶማ ነው።

የ«ለ» ልጆች ዶማቸውን ተሸክመው ሲደርሱ ከመሃላቸው ክንዱ የሚባለው ልጅ ከምሳ ዕቃው ማንኪያ አወጣ።

«ልትበላው ነው እንዴ?» አለችው የክፍሉ አለቃ ፀደይ።

«በዶማ ከቆረጥሽው ከየቁራጩ ይበቅላል። የጽጌረዳውም ሥር ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፤ አብሮ ይበጠሳል።»

ክንዱ ከዛሪማ የመጣው ዘንድሮ ነው። እዚያ የአባቱን ጌሾ ከሰርዶ ሲያስጥል ነው ያደገው። አንድ ጀሪካን ውሃ አፈሰሰና አፈሩ እስኪርስ ጠበቀ። ከዚያ በማንኪያው ፈልፈል እያደረገ፣ ሐረጉን በጣቱ ከአንጓ አንጓ እየተከተለ፣ ነጩን ሥር ሳይበጥስ ስቦ አወጣውና የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተተው። ሰርዶ እንደ ቤተ ዘመድ ነው፤ አንዱን ስትስበው ሌላው ተከትሎ ይመጣል።

«ሸጋ ነው» አለ ለራሱ።

«ሸጋ ነው» ብለው ከኋላው ሦስት ልጆች አሾፉበት። ዶማቸውን ግን አስቀመጡ። አንዱ አምኖበት ነው፤ ሁለቱ መቀመጥ ስለሚቀል።

ስድስት ሰዓት ላይ የ«ሀ» መደብ እንደተላጨ ራስ ያበራ ነበር። የ«ለ» ልጆች ያጸዱት ሁለት ጽጌረዳ ተኩል ነው።

«የፀባይ ነጥባችንን በማንኪያ እየዛቅከው ነው» አለች ፀደይ።

አቶ ወልደኢየሱስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው መጡ። «ይኼ ምንድን ነው?»

ክንዱ ተነሣና ከ«ሀ» መደብ ጓል መሃል የተበጠሰ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ሥር አንሥቶ አሳያቸው። «ይኼ የአበባው ሥር ነው፣ ቲቸር። ሰርዶው ተመልሶ ይበቅላል፤ አበባው ግን ይደርቃል።»

አቶ ወልደኢየሱስ ሥሩን አገላብጠው አዩት። እውነቱን እንደሆነ ያወቁ ይመስላሉ። «እንግዶቹ የሚመጡት ሥር ሊያዩ አይደለም። ዶማውን አንሣ።»

ክንዱ ዶማውን ሳያነሣ ተመልሶ በጽጌረዳዎቹ መሃል ቁጭ አለ።

«እንግዲያው ወላጅ ይዘህ ና። ያለ ወላጅ ክፍል አትገባም።»

የልጆቹ ሹፈት ቆመ። የክንዱ አባት አጨዳ ላይ ነው። አንድ ቀን መምጫ፣ አንድ ቀን መመለሻ፤ እህሉ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ክንዱ ግን ማንኪያውን አልጣለም።

«ዶማውን አንሣና ጨርሰው በቃ፣ ባክህ» አለች ፀደይ በሹክሹክታ።

«የሦስተኛዋ ጽጌረዳ ግማሽ ገና ውሃ አልጠጣም» አላት።

ፀደይ አፈጠጠችበት። ከዚያ ጀሪካኑን ይዛ ወደ ቧንቧው ሄደች።

አቶ ወልደኢየሱስ ይኼንን አዩ። ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከኪሳቸው ነጭ ወረቀት አወጡ። «እሺ፣ አባትህ ከሥራው አይፈታ። ትእዛዝ ለምን እንደጣስክ በጽሑፍ አስረዳና ይቅርታ ጠይቅ። እኔ ፋይሉን እዘጋዋለሁ።»

ክንዱ ወረቀቱን አየው። ጭቃ የነካ እጁን አልዘረጋም።

«አባቴ እንዲመጣ ዛሬ እደውልለታለሁ» አለ።

«ምነው፣ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ከበደህ?»

«አልከበደኝም፣ ቲቸር። አልጽፍም።»