ትዕዛዝ የሚጠብቀው ሻምበል

ቀረብ ቀረብ በሉ። አንተ ዘውገ፣ አርፍደህ መጥተህ ደግሞ በሩን ክፍት ትተዋለህ? ዝጋው እንጂ!

ጊዜው እንዲህ እንደ ዛሬው ጨረቃ የሌለበት ምሽት ነው፤ አራት ሰዓት ግድም። መንገዱም ከወፍጮ ቤት ወደዚህ የሚያመጣው፣ ያ ትልቁ ዝግባ ያለበት ነው። ይርዳው የሚባል ሰው ብቻውን ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ቤት ተሰልፎ ውሎ፣ ልክ ተራው ሲደርስ ሞተሩ ተበላሸ። ምን ያድርግ? እህሉን እንዳለ ተሸክሞ ተመለሰ። እንዴት እንደበገነ ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ ሸተተው። ምን ሸተተው? ባሩድ። ቀጥሎ ሰማ። ምን ሰማ? «ሀሎ... ሀሎ... ይሰማል?» የሚል ድምፅ። ከዚያ አየው። ቆብ ያደረገ ሻምበል፣ የሬዲዮ መነጋገሪያ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆሟል። ከወገቡ በታች ግን ሳሩ ብቻ ነው የሚታየው።

«ትዕዛዙ መጣ?» አለው።

«የምን ትዕዛዝ፣ ጌታዬ?»

«የተኩስ ነዋ! ስድስት ዓመት ሙሉ መድፈኛ ነበርኩ። መድፍ ሰጡኝ፤ ጥይት የለም። ጥይቱ ሲመጣ የሌላ መድፍ ሆነና አልገባም። በስንት ልመና ሁሉም ተሟላ። ጠላት እዚያ ኮረብታ ላይ ሰፍሯል፤ አነጣጥሬ 'ልተኩስ?' ብል 'ጠብቅ' አሉኝ። ስጠብቅ ወታደሮቼ አለቁ፤ እኔም እዚሁ ቀረሁ። መድፌ ዛሬም ወደ ኮረብታው እንደዞረ ነው። አንድ ሰው 'መጣ' ይበለኝ፤ ተኩሼ ልረፍ!»

ሻምበሉ የይርዳውን አንጀት በላው። እሱስ ሲጠብቅ ውሎ የለ? «መጣ» ሊለው አፉን ከፈተና ወደ ኮረብታው አየ። ኮረብታው ላይ ምን አለ? ከጦርነቱ በኋላ የሠራው ቤቱ። ልጆቹ ኩራዝ አብርተው ይጠብቁታል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

«አልመጣም» አለው። «ይጠብቅ ብለዋል።»

ሻምበሉ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ወረወረው። «አሁንም ጠብቅ?» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ይርዳው አባቴ ነው። ያ ቤትም ይኼ የተቀመጣችሁበት ቤት ነው። ብቻችሁን አትምጡ እያልኩ ዘወትር የምለፈልፈው ለምን ይመስላችኋል? ሰው ግን መች ይሰማል! ሁለት ከሆናችሁ አይታያችሁም። ብቻውን የመጣ ሰው ግን ይጠየቃል።

አንተስ፣ ዘውገ? ዛሬ ከማን ጋር መጣህ?

«ብቻዬን ነኝ፣ ጋሼ።»

መንገድ ላይ ሰው አገኘህ?

«ዝግባው ሥር አንድ ሰውዬ... 'ትዕዛዙ መጣ?' አለኝ። እኔ ደግሞ ቸኩዬ...»

ምን አልከው? አንተ ልጅ፣ ምን አልከው?

«እንዲለቀኝ ብዬ... 'አዎ፣ መጥቷል' አልኩት።»