አልቀመጥም ያለው አስታራቂ

ሩት የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ነው። እናቷ በሕይወት የሉም። አባቷ አቶ በላይነህ ባጃጅ እየነዱ እሷንና ታላቅ ወንድሟን ሳምሶንን ያሳድጋሉ።

«ሩት፣ ባጃጇ ላይ እንዳትወጪ!» አባቷ ይህን ሳይሏት የዋሉበት ቀን የለም። እሷ ግን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈሰዋለች። አይ ልጅነት! እናንተስ አንዳንዴ እንደዚያው አይደላችሁ?

አንድ ቅዳሜ አባቷ ምሳ ሊበሉ ገቡ። ሩት ሹልክ ብላ ወጥታ የባጃጇ ሹፌር ወንበር ላይ ጉብ አለች። «ሐይቅ! ሐይቅ! የሞላ!» እያለች ተጣራች። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀችው። በራቸው ላይ መንገዱ ቁልቁል ነው። ባጃጇ ተንሸራተተች። ሳምሶን ሊያቆማት ሮጦ ከፊቷ ገባ። ከአጥሩ ጋር አጣበቀችው፤ እግሩም ተሰበረ።

አባቷ ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጡ ወደ ሩት ዞሩ። «ሁለተኛ አባዬ እንዳትይኝ! ከዓይኔ ጥፊ!»

ሩት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቤት ገባች። ቀናት አለፉ፤ አባቷ አልጠሯትም።

መቼም በእኛ አገር የተጣላ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሩትም መጀመሪያ ጓደኛዋን ፈትያን ላከች። አቶ በላይነህ «አንቺ የእሷ ወገን ነሽ፤ ሂጂ» ብለው መለሷት። ቀጥሎ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ሄዱ። «እርስዎ ምን አለብዎት? እግሩ የተሰበረው የእኔ ልጅ ነው!» አሏቸው። እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ሩት ተስፋ ቆረጠች። የቀራት ሳምሶን ብቻ ነው። እሱን ደግሞ በምን ዓይኗ ታየዋለች?

ሳምሶን ግን ማንም ሳይልከው መጣ። እግሩ በጀሶ ታስሯል፤ በክራንች ያነክሳል። «ነይ» አላትና ከኋላው አስከትሎ ቤት ገባ። የአባቷ ፊት ጠቆረ።

«ቁጭ በል ልጄ፣ እግርህን!» አሉት።

«አልቀመጥም፣ አባዬ። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት። እሷን ካልማርክልኝ አልቀመጥም።»

«ምን እንዳደረገችህ እያየህ?»

«የተሰበረው የእኔ እግር ነው። እኔ ይቅር ብያታለሁ። እሷ እህቴ ናት፣ አንተም አባቴ ነህ።»

እንዲህ ብሎ ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ ክራንቹ ተንቀጠቀጠ። ሩት አላስቻላትም፤ በአባቷ እግር ሥር ወደቀች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ!»

አቶ በላይነህ የልጃቸውን ሥቃይ ማየት አቃታቸው። እያለቀሱ አነሷት። «ስለ እሱ ስል ምሬሻለሁ» አሏት። ሳምሶን ያን ጊዜ ተቀመጠ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ባበቃ ምንኛ ደስ ባለኝ! የሳምሶን እግር ግን ተጣሞ ነው የዳነው። ዛሬም ጓደኞቹ ኳስ ሲጫወቱ እሱ ልብሳቸውን ይጠብቃል። ሩት ባየችው ቁጥር አንጀቷ ያርራል። «ምነው በእኔ በሆነ!» ትላለች። ከአባቷ ጋር ታርቃለች፤ ዕርቁ ግን በወንድሟ ሥቃይ የመጣ ነው።

በእግዚአብሔርና በእኛ መካከል ቆሞ የሚያስታርቀን አንድ ነው፤ እሱም እኛው በበደላችን ያቆሰልነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው።