ማንም ቢጮህ በር አይከፈትም

ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን አትቆስቁሱት፣ እንዳለ ይሁን። ሌሊት ለሰፈር ጥበቃ ሮንድ ስንወጣ ብቻችሁን አትሂዱ የምንለው ለምን እንደሆነ አዲሶቹ ጠይቃችሁኛል። እነግራችኋለሁ። ተረት ተረት አልላችሁም፤ እናንተም የላም በረት ብላችሁ አትመልሱልኝ። ይሄ ተረት አይደለማ።

አሁን ስንት ሰዓት ነው? አምስት ሰዓት ሞላ? ያኔም አምስት ሰዓት ነበር። ያኔም ጨለማ ነበር። ከአስፋልቱ ነገሩ ወደሆነበት ሰፈር የሚያስገባው አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ የቆርቆሮ አጥር፣ ግራና ቀኝ የብረት በር። አሥራ ሰባት በር። የመንገዱ አምፖሎችስ? ሌባ ፈቶ ወስዷቸዋል። የሰፈሩን ስም አልነግራችሁም፤ የሰዎቹ ዘመዶች ዛሬም አሉ።

ሌባው እንዴት ያለ ሌባ መሰላችሁ? የተሰጣ ልብስ ይወስዳል። ድስቱን ከነወጡ ከምድጃ ላይ ያነሳል። ትስቃላችሁ? ሰውም መጀመሪያ ስቋል። ኋላ በጩቤ መውጋት ሲጀምሩ ሳቁ ቀረ። ደግሞ ዘዴ አመጡ። አንዱ ደጅ ላይ ወድቆ «ተወጋሁ፣ ድረሱልኝ» እያለ ያቃስታል። አዛኝ ሰው ይከፍታል። ሲከፍት ሦስት አራት ሆነው ይገቡበታል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እነሱ እድር ተሰበሰቡ። የእድሩ ዳኛ ማንደፍሮ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቃሉን የሚያከብር፣ ቆፍጣና ሰው። ተነሳና፣ «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማንም ቢጮህ በር አይከፈት። የእናታችሁን ድምፅ ብትሰሙ አይከፈት። የኔን ድምፅ ብትሰሙ አይከፈት» አለ። እጃቸውን አውጥተው ማሉ። አሥራ ሰባቱም ቤት ማለ።

ዘበኛውን ግን ማንም አላሰበውም። ጋሽ ዋቅቶላ ይባላል፤ ትልቅ ካፖርት የሚለብስ ሽማግሌ። ሌሊቱን ሙሉ በዱላው የመብራት ምሰሶውን ቋ... ቋ... እያደረገ ይዞራል። አምሽቶ የገባን ሰው እስከ ደጁ ያደርሳል። ያንን ኳኳታ ሲሰማ ሰው ገልበጥ ብሎ ይተኛል።

አንድ የዝናብ ሌሊት ሌቦቹ ወጉት። ሆዱን ይዞ የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። በስም ጠራ። አልተከፈተም። ሁለተኛውን አንኳኳ። በስም ጠራ። አልተከፈተም። ሁሉንም በየስማቸው ያውቃቸዋላ። እንዲህ እያለ መጨረሻው በር ደረሰ። አሥራ ሰባተኛው የማን ነበር? የማንደፍሮ። እዚያ ደጅ ላይ ሞተ።

ጠዋት ሁሉም «እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር» አለ። በሩን አጠቡ። ቀበሩት፣ አለቀሱ፣ ንፍሮውን ቀመሱ። ገዳዮቹ አገር ጥለው ሸሹ፣ ሌብነቱም አብሮ ቀረ። «ሰፈራችን ሰላም ሆነ» ተባለ። እንዲህ ያለውን ሰላም እኔ አልወደውም።

ሁለት ወር እንዳለፈ ማንደፍሮ ገጠር ቀብር ውሎ ሲመለስ መኪናው ተበላሸበትና መሸበት። አምስት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ወረደ። ብቻውን። ጨለማው ዓይን ቢወጉ አይታይም። ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ቋ የሚል ድምፅ ሰማ።

«እሰይ፣ ዘበኛው አለ» አለ በልቡ። ሄደ፣ ሄደና ትዝ አለው። ከጋሽ ዋቅቶላ በኋላ ዘበኛ አልተቀጠረም።

ፈጠን አለ። ቋ አለ፣ ቀረብ ብሎ። ሮጠ። ቋ አለ፣ አሁን ከፊቱ። ቆመ። የረጠበ ካፖርት ሸተተው። ዝናብ ግን የለም። ከዚያ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ትሁት።

«አቶ ማንደፍሮ ነዎት? እንደምን አመሹ። ብቻዎን ነዎት? ላድርስዎት።»

እምቢ ይላል? እናንተ እምቢ ትላላችሁ? አብሮት ሄደ። የመጀመሪያው በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው በሩን በዱላው ነካ አደረገው።

«እዚህ ነቅተው ነበር» አለ።

ሁለተኛው በር ላይ፣ «እዚህም ነቅተው ነበር። መብራቱን አጠፉት።»

ሦስተኛው ላይ፣ «እዚህ ደግሞ ልጅቷ እንክፈትለት ብላ አለቀሰች።»

ሁሉንም እንዲህ እያለ አለፈ። ቁጣ የለውም። ማንደፍሮን የጨረሰው ይሄ አለመቆጣቱ ነው። አሥራ ሰባተኛው በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ዱላውን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ጠየቀው።

«እዚህስ?»

«ተኝቼ ነበር» አለ ማንደፍሮ።

«እንግዲያስ ያንኳኩ።»

አንኳኳ። ሚስቱን ጠራ። «ስንቅነሽ! እኔ ነኝ፣ ክፈቺ!» መልስ የለም። እንደገና ጠራ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ብርሃን ድርግም አለች። ቆይቶ ግን ከብረቱ ወዲያ ትንፋሽ ተሰማው። እዚያው ናት፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ድምፄን ብትሰሚ እንዳትከፍቺ ያላት ራሱ አይደለም? ቃሏን እየጠበቀች ነው። ከጀርባው ያ የረጠበ ካፖርት ተጠጋው። ብርዱ አንገቱ ላይ ደረሰ።

ያኔ ማንደፍሮ ግንባሩን በሩ ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ።

«ስንቄ፣ ነቅቼ ነበር» አለ። «ጋሽ ዋቅቶላ ሲጠራኝ ነቅቼ ነበር። አንቺ ልትከፍቺ ስትነሺ አፍሽን አፍኜ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው።»

ይሄንን ሌባ ያውቃል? አያውቅም። ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም። መቀርቀሪያው ተንቋቋ። በሩ ተከፈተ። ማንደፍሮ ዘሎ ገባና ወደ ቤት ሮጦ አልጋው ላይ ተደፋ። ስንቅነሽ በጨለማ ውስጥ በሩን መልሳ ገፋች። መቀርቀሪያው ሁልጊዜም ጠንካራ ነው፤ እምቢ አላት። ታገለችው።

አንድ ቀዝቃዛ እጅ ከእጇ በላይ አረፈና አብሯት ገፋ።

«አጥብቀው ይቀርቅሩት እትዬ» አላት ከጎኗ። «ውጭው ደህና አይደለም።»

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያ በር ተቀርቅሮ አያውቅም። ገርበብ ብሎ ያድራል። ሌባም ገብቶበት አያውቅም። በሉ ተነሱ፣ ተራችን ደርሷል። ሁለት ሁለት ሁኑ። አንድ ሰው ሲጣራ ብትሰሙ ደግሞ ሁላችሁም አንድ ላይ ሂዱ እንጂ ዝም አትበሉ። ዝም ያላችሁት ሰው ቤታችሁ ድረስ ያደርሳችኋል።