የተኙ፦ ሦስት ከአራት

ይህ የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ የሆነ።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። አንድ ነገር ግን ልበላችሁ... ሰው ሲዋሽ ራሱን አሳምሮ ነው የሚዋሸው። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማምርበት ቦታ የለም። ፈልጋችሁ ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። ጠራራ ፀሐይ። የጎረቤት ልጆች ግድግዳዬን ጎል አድርገው በኳስ ይደበድቡታል።

ቤቴ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ላፕቶፔን የማስቀምጠው ልብስ የምተኩስበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አልጋዬ ስር ደግሞ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ሰርቨሩ እሱ ነው።

ሰርቨር ለማታውቁ... ጌም ብቻችሁን ስትጫወቱ ዓለሙ ያለው በራሳችሁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ከሰው ጋር መጫወት ስትፈልጉ ግን ሁላችሁም የምትገቡበት አንድ ዓለም ያስፈልጋል። ያንን ዓለም የሚይዘው ኮምፒውተር ነው ሰርቨር የሚባለው። እኔ መነጽር ቤት ቁጭ ብዬ ሌንስ የምሞርድ ሰው ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። መመሪያ ሳነብ፣ ሳበላሽ፣ እንደገና ስጀምር ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

መጨረሻ ላይ ሰርቨሩ "የሚፈቀድላቸውን ስሞች ጻፊ" አለኝ። ከዚያ ዝርዝር ውጭ ያለ ሰው የይለፍ ቃሉን ቢያውቅ እንኳ አይገባም።

ሦስት ስም ጻፍኩ። የእኔን፣ የታላቅ ወንድሜን፣ የታናሽ እህቴን።

ሦስት ብቻ። ይህን ያዙልኝ።

ታላቃችን ጋሼ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ታናሻችን ሚጡ ነርስ ናት። ሦስታችንም የምንኖረው በተለያየ ከተማ ነው። እማዬ ደግሞ በድሮው ቤታችን ብቻዋን ነበረች።

እማዬ ስልክ ካልተደወለላት አትተኛም። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ኮሪደሩ ውስጥ፣ ስልኩ አጠገብ፣ ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። የኮሪደሩን መብራት ታበራለች። አንዳችን ደውለን "ሁላችንም ደህና ነን" እንላታለን። "በሉ እንግዲህ ልተኛ" ትላለች። መብራቱን የምታጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ተራ አወጣን። ረቡዕ የሚጡ ነበር።

አንድ ሳምንት ላይ ሚጡ ፈረቃዋ ተቀየረባት። "እትዬ፣ ረቡዕን ያዢልኝ፣ ሰኞሽን እኔ እደውላለሁ" አለችኝ።

"ችግር የለም" አልኳት።

ረቡዕ ሁለት ሰዓት ሆነ። ረሳሁ ልላችሁ እችል ነበር። አልረሳሁም። ስልኩን አየሁት። ስለ ጉልበቷ ልታወራኝ ነው፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ልታወራኝ ነው፣ አንድ ሰዓት ልትይዘኝ ነው... ደክሞኛል፣ ነገ እደውላለሁ አልኩ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩትና ተከታታይ ፊልሜን ማየት ቀጠልኩ።

ሐሙስ ተራው የጋሼ ነበር። ደወለ፣ አልተነሳም። ሲነጋ ጎረቤቷን ላከ።

ጎረቤቷ በሩን ሰብሮ የገባው አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። እማዬ ወንበሯ ላይ ነበረች። መብራቱ እንደበራ ነው።

ሐኪሙ "ልቧ ነው፣ ብትደውሉም ላትተርፍ ትችል ነበር" አለ። ትችል ነበር አለ እንጂ አትተርፍም ነበር አላለም።

ከቀብር መልስ ጋሼ ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን የተራ ወረቀት ነቅሎ መጣ።

"ረቡዕ የማን ነበር?"

ወረቀቱ ላይ ያለው የሚጡ ስም ነው።

"ከእትዬ ጋር ተቀያይረን ነበር" አለች ሚጡ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"አላስታውስም" አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። በዚያች ቃል እህቴን እናቷን የገደለች ቀጣፊ አደረግኳት። ጋሼ "ዓይንሽን ላፈር" አላት። አንድ ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆኑ።

እና እኔ ላስታርቃቸው ተነሳሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የምታስታርቃቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር እኔው አፍ ውስጥ ነበረች። እሷን ዋጥ አድርጌ ሰርቨር ከፈትኩ።

ጋሼን ለማሳመን ወር ፈጀብኝ። ሚጡ ግን "ጋሼ ካለ እመጣለሁ" ብቻ ነው ያለችው።

የመጀመሪያው እሁድ ጥሩ ነበር። በጌሙ ውስጥ ሁሉም ሙያ ይመርጣል። ጋሼ "እስቲ ከመሪ ሌላ ነገር ልጨብጥ" ብሎ ገበሬ ሆነ። ሚጡን ሐኪም ሁኚ ብላት፣ "ቀኑን ሙሉ ሰው ስጠግን ውዬ እዚህም ልጠግን? ሰይፉን አምጡልኝ" ብላ ተዋጊ ሆነች። እኔ ግንበኛ ሆንኩ።

ለአንድ ሰዓት ያህል ጋሼ አንዲት ቃል አልተነፈሰላትም። ከዚያ ድንገት በሄድፎኑ ጮኸ።

"ሚጡ! ከኋላሽ ተኩላ!"

"አየሁት ጋሼ" አለች። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተንቀጠቀጠው ስለ ተኩላው እንዳልሆነ ሦስታችንም ገብቶናል። እኔ ማይኬን አጥፍቼ አለቀስኩ።

ቤት ሠራን። ማንም ሳይናገር የእማዬ ቤት ሆኖ ተገኘ። ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ ሦስት መኝታ ክፍል። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው፣ ግን ደስ አለን። ጋሼ ደጁ ላይ ስንዴ ዘራ። ሲመሽ ሦስታችንም አልጋችን ላይ ወጣን።

በዚህ ጌም ሌሊቱ ቶሎ የሚያልፈው ዓለሙ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። አንድ ሰው ከቆመ አይነጋም። ስክሪኑ አናት ላይ ቁጥር ይወጣል።

"የተኙ፦ 3 ከ 3"

ነጋ። ተሰነባብተን ወጣን።

በሁለተኛው እሁድ ስንገባ ስንዴው ደርሶ ጠበቀን።

"ማን ገባ?" አለ ጋሼ።

ምን ለማለት እንደፈለገ ልንገራችሁ። ውስጡ ሰው ከሌለ ዓለሙ ይቆማል። ፀሐይዋ ባለችበት ትቆማለች፣ የተዘራውም አያድግም። ስንዴው ከደረሰ አንድ ሰው ለረጅም ሰዓት ውስጥ ቆይቷል ማለት ነው።

"እኔ አልገባሁም" አለች ሚጡ።

"እኔም" አልኩ።

ቤቱ ውስጥ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ መብራት ነበር። ከመብራቱ ስር አንድ ወንበር ተቀምጧል። ወንበር የሠራ ማንም አልነበረም። እኔ ሚጡ ናት ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ስሰማ ሚጡም የሠራሁት እኔ መስዬያት ነው ዝም ያለችው።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ ይጽፋል፤ ማየት የሚችለው የሰርቨሩ ባለቤት ብቻ ነው።

የእሁዱ የሦስታችን ስም በየተራ አለ። ከዚያ አንድ ተጨማሪ መስመር ነበር። ስም የለውም። ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

ገባ፦ ረቡዕ፣ ማታ 2፡00።

ወጣ፦ አርብ፣ ጠዋት 1፡40።

ብዙ ቆየሁ እያየሁት። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ? መስመሩን አጠፋሁት። ጋሼ "ማን ገባ" ብሎ ሚጡን እንደጠረጠራት ከድምፁ አውቄያለሁ። መዝገቡ ነፃ ያወጣት ነበር። ግን ረቡዕ ከተነሳ የረቡዕ ነገር ሁሉ ሊነሳ ነው።

ሦስተኛው እሁድ መጣ። ያ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ያልኳችሁ።

ጌሙ ውስጥ መሸ። የእኔ መስኮት ላይ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሦስታችንም ተኛን።

"የተኙ፦ 3 ከ 4"



"አራት?" አለ ጋሼ።

"ተበላሽቶ ይሆናል" አልኩ። የገቡ ሰዎችን ዝርዝር ከፈትኩ። ሦስት ስም ነው ያለው።

"ሚጡ፣ ተነስተሻል?"

"ተኝቻለሁ ጋሼ።"

"አንቺስ?"

"ተኝቻለሁ።"

ከኮሪደሩ የወለሉ ጣውላ ሲንቋቋ ተሰማ። ሰው ሲራመድ ጌሙ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ዝግ ያለ እርምጃ... አንድ እግር እየጎተተ። እየመጣ ቆመ።

"ሰማችሁ?" አለ ጋሼ በሹክሹክታ።

ተነስተን ወጣን። ሦስታችንም ኮሪደሩ ላይ ቆምን። መብራቱ በርቷል። ወንበሩ ግን ቦታውን ለውጧል። መብራቱ ስር አልነበረም። የእኔ ክፍል አጠገብ ነበር።

"እትዬ..." አለች ሚጡ፣ ቀስ ብላ።

"ወዬ።"

"እየጠበቀች ነው።"

"ማን?"

"ታውቂያለሽ።"



"ምንድን ነው የምትንሾካሾኩት?" አለ ጋሼ።

አሁን ነበር። ያቺን ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይመጣም። አፌን ከፈትኩ።

"ምንም" አልኩ።

 የጋሼ ድምፅ ተለወጠ።

"ሚጡ፣ ያንቺ ሥራ ነው አይደል? ወንበሩም፣ መብራቱም፣ ይሄ አካሄዱም። በእማዬ ትቀልጃለሽ?"

"ኧረ ጋሼ! እኔ..."

"ገድለሻት አልበቃሽም?"

ወጣ። ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ።

ሚጡ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"እትዬ፣ አሁን ደውይለት" አለች። "አንዴ ብቻ ንገሪው። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ምኑን?" አልኩ።

ይህን ስጽፍ እንኳ አፈርኩ። ምኑን አልኳት።

 እሷም ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ሮጬ ክፍሌ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ተኛሁ። ነግቶ እንዲያልፍልኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት።

"የተኙ፦ 1 ከ 2"

የሰርቨሩን ገመድ ነቀልኩ። ውጭ ልጆቹ አሁንም ኳሱን ግድግዳዬ ላይ ይመታሉ።

ይህ ከሆነ ሁለት ወር አለፈው። ሚጡ ስልኳን ቀይራለች፤ ከምትሠራበት ክሊኒክ ለቅቃ ሌላ ከተማ ሄዳለች አሉኝ። የት እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ጋሼ ስሟ ሲነሳ ስልኩን ይዘጋዋል። እኔን ግን ይወደኛል። በየእሁዱ "የቀረሽኝ አንቺ ነሽ" ይለኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትሉኝ፣ እኔ እስከ ዛሬም አልጮህኩም።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ፈቃድ ወስጄ ከሥራ ቀርቻለሁ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፣ ለማታው ሁለት ሰዓት አራት ሰዓት ይቀረዋል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩላችሁ አስቤበት ነው። ሚጡ ንገሪው ነበር ያለችኝ። ጋሼን ከመንገር እናንተን መንገር ይቀላል። ስሜን አታውቁትም፣ ፊቴን አታዩትም። መናገር ከሆነ ይኸው ተናገርኩ አልኩ። ረቡዕ የእኔ ነበር። አልረሳሁም። ዋሽቻለሁ።

እስከዚህ ድረስ ጽፌ፣ ለማየት የሰርቨሩን ገመድ ሰክቼ ገባሁ።

ጌሙ ውስጥ አሁንም ጨለማ ነው። አልጋዬ ላይ ነኝ።

"የተኙ፦ 1 ከ 2"

ለእናንተ መናገሬ አልተቆጠረልኝም።

ዘግቼው የነበረው የክፍሌ በር ክፍት ነው። ወንበሩ ደፉ ላይ ነው፣ ወደ አልጋዬ ዞሮ። ከጀርባው የኮሪደሩ መብራት ይታያል።

ስልኬን አነሳሁ። የጋሼን ቁጥር አወጣሁ። ጣቴን አስጠጋሁ... ምን ይለኛል? ዓይንሽን ላፈር ቢለኝስ? ማን ይቀረኛል? ደግሞ አሁን መኪና እየነዳ ይሆናል፣ በመንዳት ላይ እያለ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ነገ ይሻላል። ነገ እደውላለሁ።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት።

ያኔ የኮሪደሩ መብራት ጠፋ።

ከተሠራ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። እማዬ ደግሞ መብራት የምታጠፋው ልትተኛ ስትል ብቻ ነው። ቁጥሩን አየሁ።

"የተኙ፦ 1 ከ 2"

ጣውላው ተንቋቋ። ድምፁ የመጣው ከኮሪደሩ አይደለም።