ክርስትና ያነሱኝ እጆች

አፌ ስለታም ነው፤ ይህን ሸዋ ሮቢት ያውቃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ የወጣቶችን ጥያቄ የምመልሰው እኔ ነበርኩ። ቲክቶክ ቢሉኝ፣ የስፖርት ውርርድ ቢሉኝ፣ በጾም መደገስ ቢሉኝ፣ የመጣውን ሁሉ በሁለት ቃል ቆርጬ እጥለው ነበር።

ታምራትንም ያመጣው ጥያቄ ነው። ሽንኩርት አምራች ነው። የመስኖ ተራው እሑድ እየዋለበት ተቸግሮ፣ በሰንበት ፓምፕ ማስነሳት ኃጢአት መሆን አለመሆኑን ጠየቀኝ። በዚህ ቆላ ሽንኩርት እስከ ሰኞ አይጠብቅህም፣ አጠጣ አልኩት። በሳምንቱ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ። በወሩ ጥያቄው አልቆበት እንዲሁ መጣ። ከቅጥሩ ውጭ ካለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ዝም ብሎ ሲያየኝ የምናገረው ይጠፋኝ ነበር። እኔን ነው እኮ!

አንድ እሑድ አንዲት ልብስ ሰፊ ተነሳች። «የክርስትና እናቴን ልጅ ወደድኩ። በዚህ ዘመን ይህን ማን ያጣራል?» አለች።

«ዘመን ቢቀየር ወንድምሽ መሆኑ አይቀየርም። ተለያዩ» አልኳት። ቀና ብዬም አላየኋት። ታምራት ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ከዓመት በኋላ ታምራት ሽማግሌ ላከ፤ አባቴም እሺ አለ። ለቀለበቱ ቀን የታምራት እናት እትዬ አበበች ከገጠር መጡ። ቤታችን እንደገቡ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ካለው ከሟች እናቴ ፎቶ ላይ ቀረ። እህልም አልቀመሱ። በማግስቱ አስጠሩኝና ሰምቼው የማላውቀውን ነገሩኝ።

በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ልታነሳኝ የነበረችው ሴት፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የወር አበባዋ መጥቶባት ቀረች። እናቴ ግራ ሲገባት፣ ስለት ሊያስገቡ የመጡ አንዲት የማታውቃቸው ሴት ተቀብለው አነሱኝና ወደ አገራቸው ተመለሱ። የክርስትና ወረቀቴ ላይ የተጻፈው የቀረችው ሴት ስም ነው። ያነሱኝ ግን እትዬ አበበች ነበሩ።

«እኔ አልናገርም፣ ጽጌዬ» አሉኝ እጄን ይዘው። «ያነሳሁሽም እኔ፣ ምራቴ የማደርግሽም እኔ። እግዚአብሔር ይቅር ባይ ነው።»

ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ታምራትን እንደ ነፍሴ እወደዋለሁ። ግን ያቺ ልብስ ሰፊ አልለቀቀችኝም፤ እሷን ያለያየሁበትን ሕግ ለራሴ ልሰርዘው? «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። እኔ ገና አልወለድኩም፤ የሚጠፋብኝ እሱ ነበር።

በአራተኛው ቀን ኒሟ ሥር ነገርኩት።

«ለልብስ ሰፊዋ ያልሻትን ለእኔም በዪኝ» አለኝ።

«ታምራት…»

«ያንኑ በዪኝ።»

እሱን ግን ቀና ብዬ እያየሁት ነው ያልኩት። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ድምፄ አልወጣ አለ፤ እሱ ጨረሰልኝ።

ልብስ ሰፊዋን ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ማሽኗን ሳታቆም «መልስሽ ልክ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የማንንም ጥያቄ አልመልስም። እግዚአብሔርንም ተቀይሜዋለሁ፤ እሱም ያውቀዋል።

ባለፈው የገበያ ቀን ታምራትን ከሚስቱ ጋር አገኘሁት። እርጉዝ ናት። እጄን ጨብጣ፣ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችው።

«እህቴ ናት» አላት።

አልዋሸም። ያስተማርኩት እኔው ነኝ።