ከድንጋዩ ሥር ያሉት

በሰንደራ ምድር ታላቁ ወንዝ ሰላሚር አንድ ማለዳ እንደ መስተዋት ጠርቶ ተገኘ። ትናንት አፈር የመሰለው ውሃ ዛሬ በጥልቁ ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ ያሳይ ነበር። ሕዝቡ እልል አለ። ንጉሥ አርዳሜን ነጋሪት አስጎስሞ «ወንዛችን ተባርኳል። በሰባተኛው ቀን የዓመቱ ሕፃናት ሁሉ ከዚህ ውሃ ጠጥተው ስም ይወጣላቸዋል» ሲል አወጀ።

ሐመራ ግን ፈራች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመንግሥቱ ድንጋይ ገልባጭ ነበረች። ሥራዋ በየመሻገሪያው የወንዙን ድንጋይ ገልብጣ ከሥሩ የተጣበቁትን ደቃቅ ነፍሳት መቁጠር፣ ከዚያም ወንዙ ጤነኛ ይሁን የታመመ ለንጉሡ መንገር ነበር። ባለ ሦስት ጭራዎቹና ከአሸዋ ቤት የሚሠሩት ከበዙ ውሃው ደኅና ነው፤ እነሱ ጠፍተው ቀያይ ትሎች ብቻ ከቀሩ ታሟል። ዘንድሮ ሹመቱን ለልጇ ለሊባኔ አስረክባ ነበር።

ሊባኔ በሰባት መሻገሪያ ሰባት ድንጋይ ገለበጠች።

«እማዬ፣ ባዶ ነው» አለች ተመልሳ። «ቀይ ትል እንኳ የለም።»

«እኔማ ከዚህ የባሰ ጠብቄ ነበር» አለች ሐመራ። ከዚህ የባሰ ምን እንዳለ ግን ለራሷም አልታወቃትም። ከሚጠጡት ሕፃናት አንዱ የበኩር ልጇ ልጅ ነበር።

ሊባኔ ከንጉሡ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ በሹመቴ ቀን ያየሁትን እንጂ የተወደደውን ላልናገር ምያለሁ። ይህ ውሃ ሞቷል። አንዲት ትል ማኖር ያቃተው ውሃ ለሕፃን አይሆንም።»

«እንዲህ የሚያምር ውሃ እንዴት ይገድላል?» አለ ንጉሡ። «እስከ ሰባተኛው ቀን ምክንያቱን አምጪ። ካላመጣሽ በዓሉ ይከበራል።» ጎሹ የሚባል ግዙፍ ጦረኛም አብሯት እንዲሄድ ሰጣት።

ሐመራን አስቀርተዋት ሊሄዱ አሰቡ፤ እሷ ግን ከሁለቱ ቀድማ ከበር ቆማ ነበር። ገመድ፣ የቁስል መጠቅለያ፣ ትርፍ ጫማ፣ የዘጠኝ ቀን ስንቅና አንድ ትልቅ ማሰሮ ይዛለች።

በሁለተኛው ቀን ወንዙ ለሁለት ከሚከፈልበት ደረሱ። የግራው ገባር ደፍርሷል፣ የቀኙ እንደ መስተዋት ይጠራል። ሊባኔ ከሁለቱም ድንጋይ ገለበጠች። ከግራው ድንጋይ ሥር ባለ ሦስት ጭራዎቹ ተርመሰመሱ፤ ከቀኙ ሥር ምንም አልነበረም።

«በሽታው የመጣው በቀኝ በኩል ነው» አለች። ከዚያ በኋላ በየመገናኛው ይህንኑ እያደረጉ፣ ባዶውን እየተከተሉ ወጡ።

ሐመራ ግን መጀመሪያ ከግራው ገባር ጭቃና ነፍሳት የሞሉባቸውን ድንጋዮች በማሰሮዋ አጭቃ ነበር። የተሸከመው ጎሹ ነው።

«እመት ሐመራ፣ ወደ ላይ ጭቃ አይገኝም ብለው ነው?»

«ሊጠፋ ይችላል። ሁሉም ነገር ሊጠፋ ይችላል። ደግሞ እግርህን ከውሃው አውጣ፣ አደፈረስከው፤ ልጄ የምታየው አጣች።»

«እናቴም ይህንኑ ነበር የምትለኝ» አለ ጎሹ እግሩን እያወጣ። «ከተወለድኩ ያላደፈረስኩት ነገር የለም።»

በአራተኛው ቀን ጧት ከምንጩ ደረሱ። ከምንጩ ዓይን ውስጥ በወርቅ ሰንሰለት የታሰረ፣ እንቁላል የሚያህል ነጭ ሉል ያበራል። በዙሪያውም የውሃውን ነፍስ ሁሉ ጠጥቶ የወፈረ የመስተዋት ዘንዶ ተጠምጥሟል፤ ከጥራቱ የተነሣ የሚታየው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር።

ጎሹ ጦሩን ወረወረ። ጦሩ የዘንዶውን ገላ ሲነካ ከጫፉ እስከ ዘንጉ መስተዋት ሆኖ ተሰባበረ። ዘንዶው አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ሉሉ የምትራመደውን ሊባኔን ተመለከተ።

«ጎሹ፣ አደፍርሰው!» ብላ ሐመራ ጮኸች።

«ምኑን?»

«ውሃውን ነዋ፣ በእግርህ!»

ጎሹ ዘሎ ገባ። እንደ አውድማ በሬ እየዞረ የምንጩን ጭቃ ከሥሩ አነሣው። በጥራት ብቻ ያይ የነበረው ዘንዶ ጨለመበት፤ ራሱን ከዓለቱ ጋር እያጋጨ በጭፍን ተወራጨ።

ሊባኔ እጇን ወደ ሉሉ ዘረጋች። ሐመራ ግን ጦሩ የሆነውን አይታለች። የሊባኔን እጅ ገና የአርባ ዓመት ድንጋይ ይጠብቀዋል። ልጇን በትከሻዋ ገፍታ ሉሉን በቀኝ እጇ ጨበጠችና ነቀለችው።

ዘንዶው ተራ ውሃ ሆኖ ፈሰሰ። ሉሉም ከውሃ እንደወጣ እንደ ከሰል ጠቆረ። የሐመራ እጅ ግን ከጣቶቿ እስከ ክርኗ መስተዋት ሆኖ ቀረ። አላመማትም፤ ምንም አልተሰማትም።

«እማዬ፣ እጅሽ...»

«አይቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው የኖርኩት ክፉ ነገር ይኸው መጣ፤ እኔም ቆሜያለሁ። አሁን ማሰሮውን ገልብጪ፣ ውሃው ያለ ዘር እንዳይቀር።»

ሊባኔ እያለቀሰች ገለበጠችው።

በሰባተኛው ቀን ንጉሡ ጽዋውን ይዞ በወንዙ ዳር ሲቆም፣ ውሃው ደፍርሶ ወረደ፤ ሕዝቡም አጉረመረመ። ሊባኔ በሕዝቡ መካከል አልፋ የጠቆረውን ሉል ከነሰንሰለቱ ከንጉሡ እግር ሥር አኖረችው። በሰንሰለቱ ላይ የራሱ ማኅተም ነበር።

ንጉሡ ጎንበስ ብሎ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰ።

«ያማረ ወንዝ ላወርሳችሁ ብዬ ሉሉን ከምንጩ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዓይኔን አመንኩ፤ ድንጋዩን አልጠየቅሁም።» ጽዋውን መሬት ላይ ደፋው። «ድንጋዩ እስኪናገር ድረስ ማንም ሕፃን አይጠጣም፤ እኔም አልጠጣም።»

ክረምቱ መጥቶ ሄደ። መስከረም ሲጠባ እናትና ልጅ ከመጀመሪያው መሻገሪያ ወረዱ። የሐመራ ምራት ገና ስም ያልወጣለትን ሕፃን ታቅፋ ከዳር ቆማለች፤ ጎሹ ደግሞ ከውሃው ራቅ ብሎ፣ እግሩን ሰብስቦ ተቀምጧል።

ሊባኔ አንድ ድንጋይ ገለበጠች። ከሥሩ አንዲት ትንሽ ነገር አንሥታ በእናቷ መስተዋት መዳፍ ላይ አስቀመጠቻት። ሐመራ አልተሰማትም። እጇን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ከሥር ወደ ላይ፣ በራሷ መዳፍ ውስጥ አሻግራ ተመለከተች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስትቆጥር አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አጥርታ አላየችም። ስድስት እግር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጭራ።

«ሌላ ድንጋይ ገልብጪ» አለች ሐመራ። «አንዷ ተሳስታ መጥታ ይሆናል።»

ሊባኔ ሁለተኛውን ገለበጠች፤ ከዚያም ሦስተኛውን። ከሁሉም ሥር ተርመሰመሱ።

ሐመራ ወደ ምራቷ ዞረች።

«አምጪው» አለች። «ይጠጣ።»