መሃል ላይ ያለው ቁጥር

«መጀመሪያ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፤ ሳትደረድሩ መካከለኛ የሚባል ነገር የለም» አሉ የሒሳብ መምህሩ፣ ሰሌዳው ላይ የተበታተኑትን ሰባት ቁጥሮች በተራ እየጻፉ።

ልጅቷ ግንባሯን ዴስኩ ላይ ደፍታ ነበር። ይህን ስትሰማ ቀና አለችና ከደብተሯ ውስጥ የአባቷን ወረቀት አወጣች።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ደም ግፊቱ አሻቅቦ ከመሪ ከወረደ ወር አልፎታል። የመሥሪያ ቤቱ ነርስ የግፊት መለኪያ ሰጥታት፣ «ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት ለኪው። ትልቁ ድንጋጤ ነው፣ ትንሹ ዕድል ነው፤ እኔ መካከለኛውን ነው የምፈልገው። ከመቶ አርባ በታች ከሆነ ሥራው ይመለሳል» ብላት ነበር። ልጅቷም ከሰኞ እስከ እሑድ ጻፈች፦ 151፣ 147፣ 149፣ 138፣ 146፣ 152፣ 139። ሐሙስ መሃል ላይ ስለዋለ 138ን አከበበችና ትናንት አባቷን «አልፈሃል» አለችው።

አሁን ደረደረቻቸው። መሃል ላይ የዋለው አራተኛው 147 ሆነ። ደገመች፤ ያው 147።

አባቷ ቤት ከዋለ ጀምሮ እናቷ በምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሁለት ፈረቃ ትገባለች። እራቱም፣ ዕቃውም፣ የአባቷም ኩርፊያ የልጅቷ ድርሻ ሆኗል። «ቤት የዋለ ሹፌር ጋራዥ ከቆመ መኪና ይብሳል፤ መኪናው ቢያንስ አያኮርፍም» ትላለች እናቷ። ልጅቷ ታክቷታል። 138 ከዚህ ሁሉ ይገላግላታል፤ ነርሷ እንደሆነች የምትጠይቀው በስልክ ነው፣ ወረቀቱን አታይም።

ቤት ስትደርስ አባቷ የሥራ ልብሱን ተኩሶ ለብሶ አገኘችው።

«መጣሽ ዶክተሯ? ነርሷ አሁን ትደውላለች። ነገ የተማሪዎቹን መስመር ነው የምይዘው። ያ ሁሉ ጫጫታቸው ናፈቀኝ ብልሽ ታምኛለሽ?»

ሲስቅ ካየችው ቆይታለች። ወዲያው ስልኩ ጠራ።

«አንቺ ንገሪያት» ብሎ አቀበላት።

«እሺ የኔ ልጅ፣ መካከለኛው ስንት ሆነ?» አለች ነርሷ።

ልጅቷ ወለሉን እያየች፣ «መቶ አርባ ሰባት» አለች።

አባቷ ኮሌታውን ሲያስተካክልበት የነበረውን እጁን አወረደ። ነርሷ ሌላ ሰባት ቀን እንዲለካ አዛ ዘጋች።

«ትናንት መቶ ሠላሳ ስምንት አልሽኝ እኮ።»

«ሳልደረድር ነው የቆጠርኩት፣ አባዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

አባቷ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ሸሚዙን መስቀያው ላይ አንጠለጠለ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትለኪኝ?» አለ ፊቱን ሳያዞር።

«ልክ እንደተነሳህ» አለች፣ ዕቃውን ልታጥብ እጅጌዋን እየሰበሰበች።